ለጎልፍ ጂቲአይ የትኛው ጎማ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ጎልፍ ጂቲአይ አለኝ፤ ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርስበታለሁ፣ አውቶባን ላይም ፈጠን አድርጌ እነዳዋለሁ። የበጋ ጎማዎቹ አልቀዋል፤ ቁጥራቸው 225/40 አር18 92ዋይ ነው። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቁጥሩን አይለውጡ። 92 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 630 ኪሎ ይሸከማል፣ ዋይ ማለት ደግሞ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። ልጆችና ሻንጣ ለሚጭን ሰው ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጭነቱ ነው።

ለእርስዎ አነዳድ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 5ን እመርጣለሁ፤ ዕድሜው ረዘም ይላል፣ ዝናብ ላይም አስፋልቱን ይይዛል። ኮንቲኔንታል ስፖርት ኮንታክት 7 ለፍጥነት ይበልጥ ያደላል።

ጎሚስታው ከመግጠሙ በፊት ጎኑ ላይ ከዶት ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 1425 ካለ በ2025 በ14ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ከሆነ በቅናሽም ቢሆን አይውሰዱት። ጂቲአይ የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ስለሆነ እነሱ ቶሎ ያልቃሉ፤ ሁለት ብቻ ከገዙ ግን አዲሶቹን ከኋላ ያስገጥሙ። እርጥብ መታጠፊያ ላይ የኋላው ከተንሸራተተ መኪናውን መመለስ በጣም ከባድ ነው።

ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ የበጋ ጎማ ይደርቃል። መንገዱ በረዶ ሲይዝ ደግሞ የጀርመን ሕግ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ጎማ ያስገድዳል። ሕጉ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይበቃል ቢልም፣ እባክዎ 3 ሲደርስ ይቀይሩ።