የኢሜይል ጥንቃቄና የአድራሻ መዝገብ



አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በኮምፒዩተር መረብ መልእክት ከላከ ወዲህ ኢሜይል የዘወትር መገናኛችን ሆኗል። ነገር ግን በፖስታ ጀርባ ማንም የፈለገውን ስም ሊጽፍ እንደሚችል ሁሉ፣ በኢሜይልም የላኪው ስም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በቆሞሱ ስም «ገንዘብ በአስቸኳይ ላኩ፤ በስልክ ግን ልታገኙኝ አትችሉም» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ፣ መልስ አትስጡ፤ በውስጡ በተጻፈው ቁጥርም አትደውሉ። አስቀድማችሁ በመዘገባችሁት ቁጥር ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

በመዝገባችሁም የእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስም፣ ቁምስና፣ ኢሜይልና ስልክ ይጻፍ፤ የተለወጠው ይታረም፤ ቅጂውም በወረቀት ይቀመጥ። ለብዙዎች በአንድነት ስትጽፉ፣ የአንዱ አድራሻ ለሌላው እንዳይገለጥ «ቢሲሲ» በተባለው መስመር አስገቡ፤ አድራሻው አደራ ነውና። በደኅና ጊዜ ያልተሰናዳ መዝገብ በችግር ቀን አይገኝም።