በቀቀን ላባዋን የምትነጨው ለምንድን ነው?

በቤታችሁ የምታሳድጓት በቀቀን ደረቷ ተመልጦ ካያችሁ በቅድሚያ አናቷን ተመልከቱ። ምንቃሯ አናቷ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ደረቷ ተራቁቶ የአናቷ ላባ ሙሉ ከሆነ የምትነጨው እርሷው ናት ማለት ነው። የአናቷም ላባ ከረገፈ ግን ሌላ ወፍ ነቅላው ወይም በሽታ ይዟት ይሆናል።

አንደኛው ምክንያት አመጋገብ ነው። የሱፍ ፍሬ ብቻ የምትመገብ በቀቀን ስብ ይበዛባታል፤ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ግን ያንሷታል። ቆዳዋ ይጎዳል፣ ላባዋም ይደክማል። ስለዚህ ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንችና ጎመን ቀስ በቀስ አለማምዷት። አቮካዶና ቸኮሌት ግን መርዝ ስለሚሆኑባት ፈጽሞ አትስጧት።

ሁለተኛው ብቸኝነትና ሥራ መፍታት ነው። ግራጫዋ የአፍሪካ በቀቀን በዱር የምትኖረው በመንጋ ነው፤ ብዙውን ጊዜዋን የምታሳልፈውም ምግብ በመፈለግ ነው። በሽቦ ቤት ብቻዋን ስትዘጋ ያ ጉልበት ወደ ላባዋ ይዞራል። ምግቧን በወረቀት ጠቅልላችሁ ፈልቅቃ እንድታገኘው አድርጉ፤ የምታኝከው እንጨት ስጧት፤ ሌሊት ጸጥ ባለ ጨለማ ለ10 ወይም ለ12 ሰዓታት ያህል ትተኛ።

ስትነጭ አትጩኹባት፤ ጩኸታችሁን እንደ ጨዋታ ልትወስደው ትችላለች። የጉበት ሕመምና ጥገኛ ተሕዋስያንም ላባ ስለሚያስነጩ በቅድሚያ የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት። ለረጅም ጊዜ ከነጨች የላባው ሥር ይጎዳና ዳግም ላይበቅል ይችላልና አትዘግዩ።