«ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ምን ያህል ይሸፍናል? ያገለገለ መኪና ሽያጭና የተሰወረ ጉድለት

በአዲስ አበባ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የሚሞላው የውል ቅጽ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። የሻጭና የገዢ ስም፣ የሰሌዳ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ ዋጋ፣ እስከ ዕለቱ ላለው ዕዳና እገዳ ሻጩ፣ ከዕለቱ ወዲያ ለሚመጣው ደግሞ ገዢው ኃላፊ መሆናቸው ይሰፍርበታል። ውል አፍራሹ ስለሚከፍለው ገንዘብ የሚናገር መስመርም አይጠፋም። መዝጊያው ላይ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 2005 እና 2266 መሠረት የጸና መሆኑ ይጠቀሳል። በመካከሉ «መኪናውን አይቼና ፈትሼ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ቃል ይገኛል። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚህን ቃል የሕግ ወሰን ይመረምራል።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚህ የተነሳ ቀድሞ የገባው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ዋጋው ከፍ ብሎ ቆይቷል። ካዛንቺስ ውስጥ የሚሠራ ደመወዝተኛ ቪትዝ ለመግዛት የዓመታት ቁጠባውን፣ ዕቁቡንና የዘመድ ብድር አንድ ላይ ያደርጋል። ሞተሩ በሦስተኛው ሳምንት ቢነክስበት የሚያጣው መጓጓዣ ብቻ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጩ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። በቁጥር 2289 መሠረት ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከጎደለው፣ ወይም በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ የተነገረለትን ጠባይ ካላሟላ ጉድለት አለበት ይባላል። ቅጾቻችን ቁጥር 2266ን ጠቅሰው ገዢውን በይበልጥ የሚመለከተውን ይህን ክፍል ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ያስገርማል። ይሁንና ሕጉ ባይጠቀስም ይሠራል።

እርግጥ ነው፣ ገዢው ሲዋዋል የሚያውቀው፣ ወይም ከባድ ቸልተኛ ካልሆነ በቀር ሊያመልጠው የማይችለው ጉድለት ዋስትና የለውም። የተሰነጠቀ መስታወት፣ ያለቀ ጎማ፣ የዛገ በር ከዚህ ወገን ናቸው። ተዋዋዮች በስምምነት ዋስትናውን ሊያጠብቡት ወይም ሊያስቀሩትም ይችላሉ። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ሥራው ይህ ነው። ሆኖም ሻጩ እያወቀ በተንኮል የደበቀውን ጉድለት ይህ ዓይነቱ የውል ቃል ሊሸፍንለት አይችልም። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ የሮማ የገበያ ሹማምንት ባሪያና የጋማ ከብት የሚሸጡ ሰዎች የሚያውቁትን ሕመምና ጉድለት አስቀድመው እንዲናገሩ ያስገድዱ ነበር።

ስለዚህ ክርክሩ የሚያጠነጥነው ሻጩ ማወቅ አለማወቁ ላይ ነው፤ የገዢው ችግርም እዚህ ይጀምራል። ዘይት የሚበላ ሞተር ውስጥ ወፍራም ዘይት ተጨምሮ ጭሱ ለጥቂት ቀናት ይጠፋል። የተጋጨ አካል በስቱኮና በቀለም ይስተካከላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። እነዚህ ድርጊቶች በራሳቸው የማወቅ ማስረጃ ናቸው፤ ማንም ሰው ቆጣሪ በስህተት አይቀንስም። አስቸጋሪው ግን ድርጊቱን የፈጸመው የአሁኑ ሻጭ ወይስ ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት መሆኑን መለየት ነው። የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች በመሸጥ ሙያ የሚተዳደር ሰው ጉድለቱን ያውቃል ብለው በመገመት ይህን ሸክም ከገዢው ላይ አንሥተውታል። የእኛም ዳኞች ውል በቅን ልቦና እንዲተረጎም ከሚያዘው ቁጥር 1732 ተነሥተው፣ መኪና መግዛትና መሸጥ ሥራው የሆነን ሰው ከአንድ ጡረተኛ ሻጭ በተለየ ዓይን ቢያዩት ተገቢ ነው የሚል እምነት አለኝ።

ሌላው እንቅፋት የቃል ተስፋ ነው። «ሞተሯ አልወረደም፣ ቀለሟ አልተነካም» የሚለው አባባል በየገበያው ይሰማል፤ በቁጥር 2289 ዓይን በግልጽ የተነገረ ጠባይ ነው። ነገር ግን ቅጹ ራሱ የሚጠቅሰው ቁጥር 2005 የተፈረመን ጽሑፍ በፈራሚዎች መካከል የተሟላ ማስረጃ ያደርገዋል፤ ጽሑፉን በምስክር ማስተባበልም አይፈቀድም። ገዢው በቁጥር 1704 መሠረት ፈቃዱን በተንኮል እንደሰጠ ሲከራከር ግን ምስክሩ የሚቀርበው የተንኮሉን ድርጊት ለማስረዳት ስለሆነ፣ ክልከላው እዚህ ሊደርስ አይገባም። ይኸው ቁጥር ተራ ውሸትን ከተንኮል እንደሚለይ ግን ማስታወስ ይገባል። ያለ ማታለያ ድርጊት የተነገረ ውሸት ብቻውን ውልን አያፈርስም።

ጊዜም ገዢውን ይቃወማል። በቁጥር 2291 እና 2292 መሠረት ገዢው መኪናውን እንዳመቸው መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ምንነቱን ገልጾ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በተንኮል ምክንያት ውሉ እንዲፈርስ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ በቁጥር 1810 የተወሰነው ሁለት ዓመት አለው። በተግባር ብዙ ገዢዎች በቅድሚያ ጋራዥ ሄደው ሞተሩን ያስወርዳሉ፤ ሻጩን የሚደውሉለት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ «ያበላሸው የአንተ መካኒክ ነው» ይላል፤ ጉድለቱ በርክክቡ ቀን መኖሩን የሚያሳየው ማስረጃም ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተበትኗል። ሞተሩ ሳይነካ በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ከተቻለም ሻጩ ባለበት በገለልተኛ ባለሙያ ማስመርመር፣ ከማናቸውም የሕግ ክርክር ይልቅ ይጠቅማል።

ከሁሉ የሚያወሳስበው ሻጩ ማን ነው የሚለው ነው። ብዙ መኪኖች ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ ይሸጣሉ። በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው መኪናዋን ከሸጠ ሦስት ዓመት ሊሆነው ይችላል። ጉድለቱን የሸሸገው መካከለኛው ባለ ውክልና ሲሆን በውሉ ላይ ግን ሻጭ ሆኖ የሚታየው ወካዩ ነው። በቁጥር 2189 መሠረት እንደራሴ በወካዩ ስም፣ በሥልጣኑ ልክ የሚያደርገው ውል ወካዩን በቀጥታ ያስገድዳል፤ የእንደራሴው ተንኮልም በወካዩ ላይ መቃወሚያ ይሆናል። እናም ክሱ ቂርቆስ ምድብ ችሎት ሲቀርብ መጥሪያው ስለ ነገሩ ምንም ለማያውቅ ሰው ይደርሳል። ገዢው በባለ ውክልናው ላይ በቁጥር 2028 መሠረት ከውል ውጭ ካሣ መጠየቅ ይችላል፤ የዚህም ይርጋ ሁለት ዓመት ነው። ደላላው ግን ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከውሉ ውጭ ይቆማል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ነገር ግን ይህ ከነጋዴ ለሚገዛ ሰው ነው። መኪና በመሸጫ ቦታ አሰልፎ የሚያሳይ ነጋዴ ውሉ ላይ እንደ ወኪል ብቻ ከፈረመ፣ ከአዋጁ ለማምለጥ መንገድ ያገኛል። ፍርድ ቤቶች ከወረቀቱ አልፈው ዋጋውን የወሰነውንና ትርፉን የወሰደውን ሰው ቢመለከቱ ይህ መንገድ ይዘጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቅጹ ላይ ሦስት ባዶ መስመሮች ቢጨመሩ ብዙ ክርክር ይቀር ነበር፦ ሞተሩ ወርዶ ያውቃል ወይስ አያውቅም፣ መኪናው ተጋጭቷል ወይስ አልተጋጨም፣ ቆጣሪው ላይ የሚነበበው ኪሎ ሜትር ትክክለኛ ነው ወይስ አይደለም። ሻጩ የሞላው መልስ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ ገዢው የሻጩን ልብ መርምሮ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በውሉ የተነገረው ጠባይ መጉደሉን ብቻ ያሳያል። «አላውቅም» ብሎ የሞላ ሻጭ ደግሞ ገዢው ዋጋውን በዚያው ልክ እንዲያሰላ ዕድል ይሰጠዋል።