መደርደሪያህ ሳይሞላ ዓይንህ ይብሰል

ልጄ፣ የልዕለ ጀግኖችን ፊገር መሰብሰብ ከጀመርክ ቆይተሃል። አሁን ደግሞ ስለምትገዛው ሁሉ ግምገማ ልትጽፍ ነው፤ «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» ብለህም ጠይቀኸኛል። «ጎረምሳ በአሻንጉሊት ይጫወታል ወይ?» የሚሉህን ተዋቸው። በዚህ «አሻንጉሊት» የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሳይቀር ተቀምጦበታል። ክርክሩ በተነሣበት ጊዜ ሰው የሚመስል አሻንጉሊት 12 በመቶ፣ ሌላው መጫወቻ ደግሞ 6.8 በመቶ ይቀረጥ ነበር። ቶይ ቢዝ የተባለው ኩባንያ «የኤክስ-ሜን ፊገሮቼ ሰው አይደሉም» ብሎ ተሟገተ፤ የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረደለት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው። መግዛት ገንዘብ ላለው ሁሉ ቀላል ነው፤ ማየት ግን በትምህርት የሚመጣ ነው። የምሰጥህ ምክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ያርፋል።

1. የምትሰበስበውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር።

«ማርቭል እሰበስባለሁ» ካልክ ምንም አላልክም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ገጸ ባሕርያት ያሉበት ባሕር ነው። «ብላክ ፓንተርን ብቻ» ያለ ሰው ግን የሚሄድበትን ያውቃል። ብላክ ፓንተር፣ በስሙ ቲቻላ፣ በስታን ሊና በጃክ ከርቢ እጅ ተፈጥሮ በፋንታስቲክ ፎር ኮሚክ 52ኛ እትም ብቅ ያለው በ1966 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ኩባንያ፣ በስንት ዓይነት ፕላስቲክ ሠርቶታል! በኮሚኩ ላይ ብዙ ጊዜ ካባ ይለብሳል፤ የ2018ቱ ፊልም ልብሱ ግን ካባ የለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆመ ሰው የቱ ከገጽ፣ የቱ ከስክሪን እንደተቀዳ ሳይነገረው ይለያል። አንድን ጀግና ጠልቀህ ስታውቅ ሌሎቹንም መመዘን ይቀልሃል።

2. ታሪኩን ሳታውቅ አትፍረድ።

ሃስብሮ በ1964 ጂ.አይ. ጆን ሲያወጣ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ ልብሱ የሚወልቅ ወታደር ነበር። ሜጎ ከ1972 ጀምሮ ባትማንንም ስፓይደርማንንም ባለ 8 ኢንች አካል ላይ የጨርቅ ልብስ እያለበሰ ሸጠ። ስታር ዎርስ ሲመጣ ሜጎ ፈቃዱን ሳይወስድ ቀረ፤ ኬነር ወሰደው፤ ባለ 3¾ ኢንቿ ትንሽ ፊገርም ገበያውን ገለበጠችው። በ1984 ኬነር የዲሲን ጀግኖች በሱፐር ፓወርስ፣ ማተል ደግሞ የማርቭልን በሲክሬት ዎርስ ስም አወጡ። የኬነሩን ሱፐርማን እግሮቹን ጨመቅ ብታደርጋቸው በቡጢ ይማታል። ቶድ ማክፋርሌን በ1994 የራሱን ኩባንያ መሥርቶ የኮሚክ ጀግናውን ስፖንን ሲያወጣ ጥርሱና የልብሱ እጥፋት ሳይቀር ተቀርጾ ነበር፤ ሌሎቹም ቅርጻቸውን ለማሻሻል ተገደዱ። ማርቭል ሌጀንድስ በ2002 በቶይ ቢዝ ተጀመረ፤ ከ2007 ወዲህ የሃስብሮ ነው።

ይህን የማያውቅ ገምጋሚ የ1974ን ፊገር በዛሬ ሚዛን ይመዝንና «ጉልበቱ ደካማ ነው» ይላል። ሁሉንም በዘመኑ ልክ መዝነው፦ በጊዜው ከነበሩት ምን ጨመረ? ምንስ ጎደለው?

3. መጠኑን ሳትለካ አትግዛ።

ማርቭል ሌጀንድስ ባለ 6 ኢንች ነው፤ 15 ሳንቲሜትር መሆኑ ነው። ማክፋርሌን ከ2020 ጀምሮ ያወጣቸው የዲሲ ፊገሮች ባለ 7 ኢንች ናቸው። ባትማን ከካፒቴን አሜሪካ አጠገብ ሲቆም በጭንቅላት በልጦ የሚታየው ለዚህ ነው። የሆንግ ኮንጉ ሆት ቶይስ የሚሠራው ደግሞ የሰውን አንድ ስድስተኛ፣ ወደ 30 ሳንቲሜትር ነው፤ ዋጋውም ከ200 ዶላር በላይ ይሄዳል። በግምገማህ ላይ ቁመቱን በሳንቲሜትር ጻፍ፤ አጠገቡ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሌላ ፊገር አቁመህም ፎቶ አንሳ። አንባቢህ ከምንም በላይ የሚፈልገው ይህን ነው።

4. ስትገመግም ሥርዓት ይኑርህ።

ዛሬ ከቀለም፣ ነገ ከዋጋ የሚጀምር ሰው ሁለት ፊገር ማወዳደር አይችልም። እኔ የምከተለውን ቅደም ተከተል ልንገርህ።

መጀመሪያ ቅርጹ። ክንድ ያህል ራቅ አድርገህ አቁመውና ስሙን ሳታነብ ማን እንደሆነ ይለይ እንደሆነ እይ። ቀጥለህ አካሉ ለማን እንደተሠራ ጠይቅ። ፕላስቲኩ የሚወጣበት የብረት ሞልድ ውድ ስለሆነ ኩባንያዎች አንዱን አካል ጭንቅላትና ቀለም እየለወጡ ለብዙ ጀግኖች ያውሉታል። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ የስፓይደርማን ቀጭን አካል ለዴርዴቪል ቢሰጥ ያምርበታል። ወልቨሪን ግን በኮሚኩ 160 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ አጭርና ደንዳና ሰው ነው፤ በረጅም አካል ላይ ጭንቅላቱን ቢተክሉለት ወልቨሪንነቱ ይቀራል። ነቀፌታህን ለእንዲህ ያለው አስቀምጥ።

ሁለተኛ ቀለሙ። ከዓይኑ ጀምር። ዓይንና ቅንድብ ፊቱ ላይ የሚታተሙ ስለሆኑ ማተሚያው በጥቂቱ ከሳተ ጀግናው ሸውራራ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ የአንዱ ዓይነት ብዙ ካለ ፊታቸውን ደርድረህ መርጠህ ውሰድ፤ ሻጩ ቢያይህም አትፈር። ከዚያ ቀለም ከቀለም የሚገናኝበትን ጠርዝ እይ፦ ጓንቱ ከክንዱ፣ ቀበቶው ከሱሪው። በጥቁር ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ቢጫ ብዙ ጊዜ ይቆሽሻል፤ ቢጫ ሆኖ የተፈሰሰ ፕላስቲክ ላይ ግን ያ ችግር የለም።

ሦስተኛ መገጣጠሚያው። «30 መገጣጠሚያ አለው» ብሎ መጻፍ መቁጠር እንጂ መገምገም አይደለም። ጥያቄው ጀግናው የሚታወቅበትን ነገር ማድረግ ይችላል ወይ ነው። ስፓይደርማን ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ ቁጢጥ ማለት አለበት። ሱፐርማን እንዲበር ከተፈለገ አንገቱ ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት፤ አለዚያ ሲበር መሬት መሬት እያየ ነው። ሃልክ ቁጢጥ ባይል አይጎድልበትም፤ ቡጢውን ከጭንቅላቱ በላይ ማንሳት ካቃተው ግን ምን ሃልክ ነው? ደግሞ ያለ መደገፊያ ይቆማል ወይ? አንድ ሌሊት መደርደሪያ ላይ አሳድረው፤ ቁርጭምጭሚቱ የላላ ከሆነ ጠዋት ወድቆ ታገኘዋለህ።

አራተኛ አብረውት የመጡት ዕቃዎች። የካፒቴን አሜሪካ ጋሻ በእጁም በጀርባውም መያዝ አለበት። የሚለዋወጡት እጆች ሲገቡና ሲወጡ አንጓቸው እንዳይሰበር ተጠንቅቀህ ሞክር።

ዋጋው የመጨረሻ ነው። ከፊት ካመጣኸው የቀረውን ሁሉ በእሱ መነጽር ታየዋለህ።

5. ገምጋሚ ምስክር ነው፤ ያላየኸውን አትመስክር።

ሣጥኑ ላይ ያለው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የተዋበ ናሙና ነው፤ አንተ የምትገመግመው ከፋብሪካ ወጥቶ እጅህ የገባውን ነው። አንድ ፊገር ብቻ ከያዝክ «የያዝኩት ይህን ጉድለት አለበት» በል እንጂ «ሁሉም እንዲህ ናቸው» አትበል። ፊገሩን ኩባንያው በነጻ ልኮልህ ከሆነ በመጀመሪያው መስመር ላይ ተናገር። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያለው ስጦታ በግልጽ እንዲነገር ይጠይቃል፤ ሕግ ባይኖር ኖሮም ከጨዋ የሚጠበቅ ነበር። በነጻ ያገኘኸውን ስታወድስ፣ አንባቢህ ለዚያው ዕቃ የሚከፍለው የላቡን ዋጋ መሆኑን አትርሳ።

6. ለገምጋሚ የታሸገ ሣጥን አይሆንም።

ሣጥኑን ሳይከፍት የሚያስቀምጥ ሰብሳቢ መብቱ ነው፤ የታሸገውን መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ። ግን «ሳይከፈት ካቆየሁት ሀብት ይሆናል» በሚል ተስፋ አታከማች። የድሮዎቹ የተወደዱት ልጆች ስለተጫወቱባቸው፣ ስለሰበሯቸውና ካርቶናቸውን ስለጣሉት ነው፤ ደህናው ጥቂት ቀረ። በ1990ዎቹ ግን ሁሉም ሰው ለነገ ብሎ ቆለፈ፤ ስለዚህም የዚያ ዘመን ፊገሮች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ ርካሽ ናቸው። በዚያ ላይ ኩባንያው ያንኑ ፊገር አሻሽሎ ዳግም ሲያወጣው የአሮጌው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወርዳል።

7. የተከፋፈለ ፊገር ሲያቀርቡልህ መጀመሪያ ደምር።

ቶይ ቢዝ በ2005 ግዙፉን ጋላክተስን ገነጣጥሎ፣ እጁን በአንዱ እግሩን በሌላው ፊገር ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ሸጠ። ገበያው ወደደው፤ ሃስብሮም ቀጠለበት። ከ2018ቱ የብላክ ፓንተር ፊልም ጋር በወጣው ዙር፣ ከፊልሙ ገጸ ባሕርያት አንዷን ኦኮዬን መገጣጠም የፈለገ ሰው የማይፈልጋቸውንም መግዛት ነበረበት። ከመጀመርህ በፊት የሁሉንም ዋጋ ደምርና ለአንዷ የምትከፍለው ስንት እንደሆነ እወቅ። ብዙ ጊዜ ሙሉ የተገጣጠመውን ከሌላ ሰብሳቢ መግዛት ይረክሳል።

8. ከፀሐይና ከአቧራ ጠብቃቸው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ መስኮት ሥር ያለ ነጭ ፕላስቲክ ቢጫ ይሆናል፣ ቀዩም ይገረጣል። ለስላሳው ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ማለስለሻ በሙቀት እየወጣ ፊገሩን ያጣብቀዋል፤ ቢያጣብቅ በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና እጠበው። የደረቀ መገጣጠሚያ አታስገድድ፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከር አድርገህ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አሙቀህ ቀስ ብለህ አዙረው። አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አራግፍ።

9. ፎርጅዱን ለይ፤ የያዘውን ልጅ ግን አታሳፍር።

ዋናው ፊገር ጀርባው ወይም እግሩ ሥር የኩባንያው ስምና የመብት ምልክት ተቀርጾበታል። ፎርጅዱ ላይ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ይጠፋል ወይም ይደበዝዛል፤ ፕላስቲኩ ይቀላል፤ ቀለሙ ይሸታል። ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ስለማይታወቅ ዕቃ አፉ ለሚከት ሕፃን አትስጠው። ጓደኛህ በፎርጅድ ቢጫወት ግን ጨዋታው እውነተኛ ነው። ነውሩ ፎርጅዱን ኦሪጂናል ነው ብሎ መሸጥ ነው።

10. ገንዘብህን ግዴታህን ከተወጣህ በኋላ ቁጠረው።

የቤት ኪራይና ለቤተሰብ የሚላከው ይቅደም። አንድ ማርቭል ሌጀንድስ 25 ዶላር ነው ብንል፣ በወር አራት ቢሆን በዓመት 1,200 ዶላር ነው። «ካለፈኝ አላገኘውም» የምትለው ፊገር ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ በቅናሽ መደርደሪያ ላይ ይጠብቅሃል። ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የምታስመጣ ከሆነ ደግሞ የሰውየው ኪሎ የተቆጠረ መሆኑን አስብ፤ ካርቶኑን ትተህ ፊገሩን ብቻ አስልክ።

11. የሌለውን ሥራ።

ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ በ2018 ጀምበርን ሲያወጣ የኢትዮጵያ ልጅ የራሱን ልዕለ ጀግና በአማርኛም አነበበ። እንዲህ ያለውን ጀግና ፊገር ሆኖ ማየት ከፈለግክ ማንንም አትጠብቅ። ያረጀ አካል ግዛ፣ ጭንቅላቱን ቅረጽ፣ ቀለሙን ቀባ። አንድ ፊት በእጁ የቀባ ሰው የፋብሪካን ቀለም ሲነቅፍም ሲያመሰግንም ቃሉ ሚዛን አለው። የሠራኸውን ስታሳይ ግን አካሉን ከየት እንዳመጣኸው ተናገር።

12. ግምገማህን በአንድ ጥያቄ ፈትነው።

ጽፈህ ስትጨርስ፣ ለልጇ የልደት ስጦታ የምትፈልግ፣ ኮሚክ አንብባ የማታውቅ እናት እንደምታነበው አስብ። ስንት ሳንቲሜትር እንደሆነ፣ ቶሎ ይሰበር እንደሆነ፣ ገንዘቡ ይገባው እንደሆነ ካንተ ጽሑፍ ካላገኘች እንደገና ጻፈው። አንብባ ባትገዛም ቅር አይበልህ፤ ገንዘቧን አድነህላታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከመግዛቷ በፊት የምትጠይቀው አንተን ነው።