የእንጉዳይ መድኃኒትና የነርቭ ጤና

አንጎል ያዘዘው ሁሉ በሕብለ ሰረሰር ወርዶ በነርቮች አማካይነት ለእጅና ለእግር ይደርሳል። ነርቭ በብርቱ ከተጎዳ በኋላ እንደ ቆዳ ቍስል በቶሎ አይጠገንም፤ አንዳንዱ ጉዳት ፈጽሞ አይመለስም። ስለዚህ የነርቭ መድኃኒት ነው የተባለውን ሁሉ ከመቀበል አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

በዘመናችን አእምሮን ያነቃል፥ ነርቭን ያድሳል እየተባለ ዱቄቱ የሚሸጥ አንድ እንጉዳይ አለ። ስሙም የአንበሳ ጎፈር ይባላል፤ በክረምት እንደምናየው እንደ የጅብ ጥላ ጃንጥላ የለውም፥ ነጫጭ ክሮች እንደ ጎፈር ይንጠለጠሉበታል እንጂ። በቻይናና በጃፓን ለምግብም ለመድኃኒትም ሲያገለግል ኖሯል። በቤተ ሙከራ በሕዋሳትና በአይጦች ላይ ሲሞከርም የነርቭን እድገት የሚያግዝ ፕሮቲን እንዲበዛ ማድረጉ ታይቷል።

በሰው ላይ የተደረገው ምርመራ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ የጃፓን ጥናት፥ መርሳት የጀመራቸው ከ50 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 30 ያህል ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ለ16 ሳምንት በየቀኑ 3 ግራም ያህል ዱቄት፥ ለሁለተኛው ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ ተሰጠ። ዱቄቱን የወሰዱት በፈተና ተሻሉ፤ ነገር ግን ባቆሙ በ4 ሳምንት ውጤታቸው መልሶ ቀነሰ። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው እንጂ ፈውስ ተገኘ የሚያሰኝ አይደለም።

ከዱቄቱ ይልቅ የሚያሰጋው መዘግየት ነው። እግሩ የደነዘዘ ሰው የስኳር በሽታ፥ የሥጋ ደዌ ወይም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ይዞት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ በጊዜ ከተደረሰባቸው ሕክምና አላቸው፤ ሕመምተኛው ግን ዱቄት እየዋጠ ወራት ቢያሳልፍ ጉዳቱ ሥር ይሰዳል።

ለእኛ ለኩልመስክና ለላስታ ሰዎች ሌላ የቅርብ ምሳሌ አለን፤ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ ድርቅን ስለሚችል በክፉ ዘመን የድኻ መጠጊያ ይሆናል። ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይገድላል፤ ሰውየውም በምርኵዝ ይቀራል፥ ወይም ይድሃል። ከ1995–96 እ.ኤ.አ. ድርቅ በኋላ በሰሜን ወሎ በደላንታ ዳውንት ከ2000 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ሕመም ተሰናክለዋል። ብዙ ሰው የጓያ እንፋሎት ያሽመደምዳል ብሎ ይፈራል፤ የሚጎዳው ግን መብላቱ ነው፥ ይልቁንም እሸቱ፥ ቆሎውና ንፍሮው። ለዚህ ሽባነት የአንበሳ ጎፈርም ሆነ ሌላ ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ መከላከል ብቻ ነው።

እንግዲህ መምህራንና አንባቢያን ሁሉ እነዚህን ለተማሪዎችና ለጎረቤት ያስተምሩ፤

1ኛ/ ጓያ ብቻውን ለብዙ ጊዜ አይበላ፤ ከሌላ እህል ጋር በደንብ ይቀላቀል፤ ሲዘፈዘፍም ውሃው ይደፋ።

2ኛ/ እግሩ የከበደው፥ የደነዘዘው ወይም አካሄዱ የተለወጠ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

3ኛ/ ዘመድ ከውጭ አገር የእንጉዳይ ዱቄት የላከለት ሰው ለሐኪም ያሳይ፤ ይልቁንም ሌላ መድኃኒት የሚወስድና ነፍሰ ጡር የሆነች። ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢመጣ ያቁም። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ስለ ዱቄቱ ብሎ አይተው።

4ኛ/ በክረምት የበቀለውን የማይታወቅ እንጉዳይ ለመድኃኒት ብሎ ማንም አይልቀም፤ ጉበትን አጥፍቶ የሚገድል አለና።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ የተሰናከለ እግር በገንዘብ አይመለስምና።