ውድ ቤት በቀዘቀዘ ገበያ



በዚህ ዓመት በኤኮኖሚ ትምህርታችን ስለ አቅርቦትና ስለ ፍላጎት ተምረናል። እኔም ትምህርቱን በቤተ ዘመዴ ሲፈጸም ስላየሁት ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ። አጎቴ በብዙ ድካም ያሠሩት ትልቅ ቪላ ለሽያጭ ከቀረበ ሁለት ዓመት ሆነው። ገንዘቡ ለባንክ ዕዳና ለልጆቻቸው ትምህርት የታሰበ ነው። ደላላው «ዋጋውን ይቀንሱ» ባላቸው ቁጥር ግን «ገበያው እስኪነሣ እጠብቃለሁ» ይላሉ። ታዲያ መጠበቅ ይጠቅማልን?

በመጀመሪያ የቅንጦት ቤት ከተራ ቤት የሚለይበትን እንመልከት። የተራ ቤት ፈላጊ ብዙ ነው፤ ጎጆ የሚወጣውም፣ በሥራ ምክንያት የሚዛወረውም ቤት ያስፈልገዋል። የቅንጦት ቤት ገዢ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መኖሪያ ስላለው አይቸኩልም። ገበያ ሲቀዘቅዝ እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ነገር ብድር ነው። በአሜሪካ ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የሚባሉት ድርጅቶች ባንኮች ለቤት ገዢዎች የሰጡትን ብድር ይገዛሉ፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን ግን አይገዙም። ወሰኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 በአብዛኛው ግዛት 417,000 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ሌሎች ባለገንዘቦች ከወሰኑ በላይ ያለውን ብድር ከመግዛት ስለሸሹ፣ ለትልልቅ ቤቶች የሚሆን ብድር ውድና ብርቅ ሆነ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ምሳሌ እነሆ። ስመ ጥሩው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማይክል ጆርዳን በቺካጎ አጠገብ በሃይላንድ ፓርክ የሚገኘውን መኖሪያውን በ2012 በ29 ሚሊዮን ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ቤቱ 5,200 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ በውስጡ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለው፤ በውጭ በሩ ላይም የመለያ ቁጥሩ 23 በትልቁ ተሠርቶ ነበር። በ2013 በጨረታ ቢቀርብ መነሻ የሆነውን 13 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጥ ታጣ። በ2015 የሚጠየቅበት ዋጋ ወደ 14,855,000 ዶላር ወረደ። በመጨረሻ በ2024 በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ይህም በመጀመሪያ የተጠየቀውን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም።

ልብ በሉ፤ የአሜሪካ የቤት ዋጋ ከ2006 እስከ 2012 ከሩብ በላይ ወርዶ፣ ከዚያ ወዲህ መልሶ ተነሥቷል። ገበያው ተነሣ፤ የዚህ ቤት ዋጋ ግን አብሮ አልተነሣም። ለአንድ ሰው በልኩ የተሰፋ ልብስ ለሌላው አይሆንምና።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን።

1ኛ፤ ሻጭ ያወጣውን ወጪ ብቻ አይቁጠር፤ በአካባቢው በቅርቡ በእርግጥ የተሸጡት ቤቶች ስንት እንዳወጡ ይጠይቅ። የተጠየቀ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ አንድ አይደሉም።

2ኛ፤ መጠበቅም ወጪ አለው። ዘበኛ፣ ግብር፣ ጥገናና የባንክ ወለድ በየወሩ ይከፈላሉ። ከዚህም በላይ ቤቱ ሳይሸጥ በቆየ መጠን ገዢው «ምን ጉድለት ቢኖረው ነው?» እያለ ይጠራጠራል።

3ኛ፤ ቤቱ ለብዙ ሰው እንዲስማማ ይዘጋጅ። የፈረሰው ይጠገን፤ የባለቤቱ ልዩ ምልክት ይነሣ።

ዕዳ የሌለበትና ወጪውን የሚችል ሰው ቢጠብቅ አይነቀፍም። ነገር ግን መጠበቁ በሒሳብ እንጂ በተስፋ ብቻ አይሁን።

ይህን ጽሑፍ ለአጎቴ ባነብላቸው፣ ዝም ብለው ሰምተው «ላቤንስ ማን ይከፍለኛል?» አሉኝ። ለዚህ የመማሪያ መጽሐፋችን መልስ የለውም። ገዢ የሚከፍለው ለቤቱ እንጂ ለላቡ አይደለም። ሆኖም ላባቸው ለልጆቻቸው ትምህርት ሊሆን የሚችለው ቤቱ ሲሸጥ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ