የሚጮኸው ስህተትና ዝም የሚለው ስህተት
(የኮምፒዩተር ትምህርት)



ወደ ምዝገባ ቢሮ ሄዳችሁ «ስምሽ ኮምፒዩተሩ ላይ የለም፤ ነገ ተመለሺ» የተባላችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። ለስደተኛ መዝገቡ የሬሽኑ፣ የሕክምናውና የልጁ ትምህርት ቁልፍ ስለሆነ፣ ስሙ ከመዝገብ ሲታጣ ራሱ የጠፋ ያህል ይሰማዋል። ሆኖም «ስምሽ የለም» የሚለው መልስ ብዙ ትርጉም አለው። ምናልባት መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል፤ ምናልባት ኮምፒዩተሩ ጸሐፊውን አላስገባ ብሎት ይሆናል፤ ምናልባትም ስሙ በሌላ ፊደል ተጽፎ ይሆናል። ስለሆነም በዛሬው ትምህርታችን ስህተት የት እንዳለ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚታረም እንመለከታለን።

1. ሦስቱ ቦታዎች

የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ማለት በሥርዓት የተደረደረ መዝገብ ነው። መዝገቡ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች በኔትዎርክ አማካይነት እየጠየቁት መልስ ይቀበላሉ። ነገሩን ከአንድ መዝገብ ቤት ጋር ብናመሳስለው ሦስት ነገሮች እናገኛለን፤ እነርሱም መንገዱ፣ ዘበኛውና መዝገቡ ናቸው።

ሀ. መንገዱ፦ መብራት፣ ሽቦ፣ ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ስዊች የተባለው ሣጥንና የሰርቨሩ አድራሻ ናቸው። በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ ለብዙ ዓመታት መብራት ያገኘችው ከኢትዮጵያ በሚመጣ መስመር ነው። መብራት ሲቆራረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መንገዱ ነው።

ለ. ዘበኛው፦ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና ፈቃድ ነው።

ሐ. መዝገቡ፦ የተጻፈው ነገር ራሱ ነው።

ችግር ሲገጥም ከ«ሀ» ጀምራችሁ በተራ ሂዱ። ሽቦው ተሰክቷልን? የስዊቹ መብራት ይበራልን? ቀጥላችሁ ፒንግ በተባለው ትዕዛዝ መጀመሪያ የራሳችሁን ኮምፒዩተር (127.0.0.1)፣ ከዚያ የጎረቤቱን፣ በመጨረሻም ሰርቨሩን ጥሩ። መልስ የጠፋበት ቦታ ብዙውን ጊዜ መንገዱ የተቆረጠበት ቦታ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፒንግ መለሰ ማለት ማሽኑ ተገኘ ማለት ነው እንጂ የመረጃ ቋቱ ፕሮግራም እየሠራ ነው ማለት አይደለም።

2. ማሽኑ የሚሰጠው ቁጥር

ብዙ ሰው የስህተት መልእክት ሲመጣበት ደንግጦ ያጠፋዋል። ይህ ሐኪሙ ሳያየው የታማሚውን አፍ እንደ መዝጋት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ መልእክቱን ቃል በቃል፣ ቁጥሩንም ጭምር ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ።

ለምሳሌ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበትን ማይኤስኪውኤል የተባለ የመረጃ ቋት ፕሮግራም እንውሰድ። በዚህ ፕሮግራም በ2000ዎቹ ውስጥ ያሉት የስህተት ቁጥሮች ከጠያቂው ኮምፒዩተር በኩል የሚመጡ ሲሆኑ፣ በ1000ዎቹ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ የሚልካቸው ናቸው። ስለዚህ 1045 የሚል ቁጥር ካያችሁ ሽቦ አትነቅንቁ፤ ሰርቨሩ አነጋግሯችኋልና መንገዱ ክፍት ነው።

2005 — የሰርቨሩ ስም አልታወቀም፤ ስሙ በስህተት ተጽፎ ይሆናል።
2003 — ሰርቨሩ ጋ መድረስ አልተቻለም፤ ወይ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ወይ ፕሮግራሙ ቆሟል፣ ወይ በሩ ተዘግቷል። የማይኤስኪውኤል የተለመደ በር (ፖርት) ቁጥሩ 3306 ነው።
2013 — ጥያቄው እየተስተናገደ ሳለ መስመሩ ተቋረጠ።
1040 — ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለገባ ቦታ ሞልቷል።
1045 — ዘበኛው ከለከለ፤ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃሉን አጣሩ።
1062 — ሊደገም የማይገባው ነገር፣ ለምሳሌ የመታወቂያ ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ ተጻፈ።

ሰርቨሩ በተጨማሪ ሎግ የሚባል የራሱ የቀን ማስታወሻ አለው። እዚያ ላይ «14፡20» የሚል ካነበባችሁ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው። አንዳንዱ ሰርቨር ግን በግሪንዊች ሰዓት ስለሚጽፍ፣ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ 3 ሰዓት ጨምሩበት።

3. የአማርኛ ፊደል ሲበላሽ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የየራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ የአንዱን ጽሑፍ ሌላው አያነበውም ነበር። ዛሬም ቢሆን ሰርቨሩና ጠያቂው በአንድ ሠንጠረዥ ካልተስማሙ ፊደሉ ይበላሻል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው።

ሀ. ባዶ ሣጥኖች ከታዩ፦ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የአማርኛ ፎንት የለም። መዝገቡ ደኅና ስለሆነ ፎንት መጫን ይበቃል።

ለ. እንግዳ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከታዩ፦ የሠንጠረዥ አለመግባባት ነው። ብዙውን ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ነገር ግን በላዩ ላይ ሌላ ነገር ጽፋችሁ አታስቀምጡ።

ሐ. የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ከታዩ፦ በደንብ በተስተካከለ ሌላ ኮምፒዩተር ተመልከቱ። እዚያ ፊደሉ ከታየ ችግሩ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ነው። እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ሲጻፍ ጠፍቷልና ወደ ተቀመጠው ቅጂ ወይም ወደ ወረቀቱ መመለስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለእኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ስም ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ የተለያዩ ቁጥሮች ስለሆኑ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲፈለግ «የለም» ይላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ ከስም ይልቅ በመለያ ቁጥር መፈለግ ይሻላል።

4. ዝም የሚለው ስህተት

እስካሁን ያየናቸው አብዛኞቹ ስህተቶች የሚጮኹ ናቸው። የሚጮኸውን አትፍሩት። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው።

ለምሳሌ አንዲት እናት ልጇ ጳጉሜን 3 ቀን መወለዱን ብትናገርና ጸሐፊው 13ኛ ወር ብሎ ቢሞክር፣ በደንብ የተሠራ ፕሮግራም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይጮሃል። ስህተቱም ወዲያው ይታረማል። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ ጸሐፊው በፈረንጅ አቆጣጠር 2002 ብሎ ቢጽፈው ኮምፒዩተሩ ምንም አይልም። እንዲህ ሆኖ የተጻፈ የ10 ዓመት ልጅ በመዝገቡ ላይ 17 ወይም 18 ዓመት ይሆነዋል። ዕድሜው ከክፍሉ በላይ ነው ተብሎ ትምህርት ቤት ሊከለከል፣ ከሕፃናት መዝገብም ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ሁሉ ማሽኑ አንድም የስህተት ቁጥር አልሰጠም።

በአገራችን የታወቀው ትልቅ ምሳሌ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነው። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2024) የባንኩ ሥርዓት ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ለሰዓታት ፈቀደ። ወሬው በስልክ ስለተዛመተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው በእነዚያ ሰዓታት ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተደርጓል። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የውጭ ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ። እያንዳንዱ ክፍያ በስምና በሰዓት ተመዝግቦ ስለነበር ባንኩ ማን ምን ያህል እንደወሰደ ለይቶ አብዛኛውን ገንዘብ ማስመለስ ቻለ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማሽን «ይቻላል» ስላለ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ስህተት ሊገባ የሚችለው ልናሻሽል ስንነካካ ጭምር ነው።

5. የጥገና ሕጎች

ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ ዋናው ኮምፒዩተር ከሌሎቹ ጋር መገናኘት ቢያቅተው ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብዬ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ቅጂ አልያዝኩም ነበር። ሲጣራ ችግሩ ከስዊቹ የወለቀ ሽቦ ነው። ሽቦው በግማሽ ደቂቃ ተሰካ፤ እኔ ያጠፋሁትን የአንድ ወሰነ ትምህርት ውጤት ከመምህራን ደብተር መልሶ ለመገልበጥ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ፦

— ከመንካታችሁ በፊት የመዝገቡን ቅጂ ያዙ፤ ቅጂውም በእርግጥ የሚከፈት መሆኑን ሞክሩ።
— በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ካልሠራ ወደነበረበት መልሱት።
— አዲስ ነገር በመጀመሪያ በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው መዝገብ ላይ አትሞክሩ።
— የለወጣችሁትንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ።
— ከተስተካከለ በኋላ ጥቂት ስሞችን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ዝም የሚለው ስህተት የሚያዘው በዚህ ብቻ ነው።

6. ለወላጆች

እ.ኤ.አ. በማርች 2018 በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወደ ሞያሌ ኬንያ ተሻግረዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቋንቋውን የማያውቅ መዝጋቢ ስም የሚጽፈው እንደሰማው ነው። ስለሆነም የቤተሰባችሁን ስም በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ወረቀት ላይ ያዙ። የልደት ቀን ስትናገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። የመለያ ቁጥራችሁን በሁለት ቦታ ጽፋችሁ አስቀምጡ። «ስምሽ የለም» ስትባሉም በትሕትና «ማሽኑ ምን ብሎ መለሰ? በቁጥሬስ ተፈልጓል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ነገ ተመለሱ ከመባል ሊያድን ይችላል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ቁጥሩ 1045 የሆነ ስህተት መጣ። ሽቦውን መፈተሽ ያስፈልጋልን? ለምን?
2. የአማርኛ ስሞች በባዶ ሣጥን ቢታዩ ምን ታደርጋላችሁ? በጥያቄ ምልክት ቢታዩስ?
3. የሎግ ማስታወሻ በግሪንዊች ሰዓት 06፡15 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ነው?
4. በቤታችሁ ካሉት ወረቀቶች ላይ የራሳችሁን ስምና የልደት ዓመት አመሳክሩ። የማይስማማ ካገኛችሁ ለክፍል ኃላፊያችሁ አሳዩ።

መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።